የሩፋኤል ዕለት ጠርሙስ

ዝናብ ሲጀምር ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እኔ ወደ ሥራ እገባለሁ። የሐይቁ ዳርቻ ላይ የተተከለው ግራጫ ሣጥን የመጀመሪያዋን ጠብታ ሲቆጥር በጎኑ አንዲት ጠርሙስ ይተፋል። አንድ ዝናብ፣ አንድ ጠርሙስ። ክዳኗ የሚከፈተው አንዴ ብቻ ነው። ሲያባራ ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገቤ እገባለሁ፣ ክዳኗን ከፍቼ አፏን ወደ ታች እደፋለሁ፣ ክንዴ እስኪሰጥም አወርዳትና እዚያው ገልብጬ እሞላታለሁ። ከዚያ ወጥቼ ሣጥኑ ፊት እቆምና «ከወገብ ገብቼ፣ ከክንድ ወርጄ፣ በእጄ ቀድቻለሁ» ብዬ አስረክባለሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የከተማው ሰው ሁሉ አምባር ላይ ቀለም ይበራል። አረንጓዴ ከሆነ ይዋኛል። ቀይ ከሆነ ሦስት ቀን ሙሉ ሐይቁን የሚነካ የለም።

ይህንን ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሜ ሃሴት ነው፣ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት። በኔ ዕድሜ ያለን ሴቶች ሁላችንም ሃሴት፣ ሶልያና፣ ኤልዳና ነን፤ በየቀበሌው ወንበር ላይ ተቀምጠን ጉልበታችንን እናሻለን።

ዋሬ ሐይቅ ላይ ሠላሳ ሁለት ቢጫ ኳሶች ይንሳፈፋሉ። ቀን ከሌት ውሃውን እየቀመሱ ባክቴሪያውን ይቆጥራሉ፣ ከላይ ሰፈር የሚወርደውን ፍሳሽ ገና ቦዩ ውስጥ እያለ ያውቁታል። ታዲያ የሰው እጅ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። አንድ ጊዜ ኳሶቹ ላይ አረም ተጠመጠመና ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ አሉ። ከተማው ሊበተን ደረሰ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሐይቁን የሚቆጣጠረው ቢሮ ድረስ ሄዱና «ማሽን መሐላ የለውም፤ የማይምል ነገር አይመስክርብን» ብለው አቤት አሉ። ከዚያ ወዲህ ከዝናብ በኋላ በሰው እጅ የተቀዳው ይበልጣል። ኳሶቹ እንዳሻቸው ቢጮኹ፣ ጠርሙሷ ንጹሕ ካለች ንጹሕ ነው። መሐላውን የሚምል ሰው ሲፈለግ እኔን መረጡኝ፤ ውሸት አታውቅም ተብዬ ነው የተመረጥኩት።

ከሣጥኑ አሥር እርምጃ ያህል እልፍ ብሎ እትዬ መክሊት ንፍሮ ይሸጣሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው። አራት እንጨት ላይ የተወጠረ ሰማያዊ ሸራ፣ አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ የወረቀት ክምር፤ ያላቸው ይኸው ነው። ስንዴውንና ሽምብራውን በእጃቸው ይዘግናሉ። ምግብ ለመንካት የተፈቀደለት እጅ በኛ ዘመን «ክፍት» ይባላል፤ የሳቸው እጅ ለሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ሳይዘጋ ክፍት ነበር። አምባራቸውን ለደንበኛ ሲያሳዩ እጅጌያቸውን ትንሽ ከፍ የሚያደርጉበት አኳኋን ነበራቸው፤ ኩራት ቢጤ።

የልጅ ልጃቸው ዘነቡ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ባቡር ላይ ስለምትሠራ በወር አንዴ ነው የምትመጣው፣ ልጅቷን ያሳደጉት እትዬ መክሊት ናቸው። በድርቁ ዓመታት የተወለዱ ልጆች ስማቸው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ዘነቡ፣ ዝናቡ፣ ዝናሽ። አንዱን ከዳርቻው ብትጠራ አሥሩ ይዞራሉ። ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን እትዬ መክሊት ምሳቸውን ይዘረጉና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለልጅቷ ይጠቀልላሉ። ዘነቡ ዓይኗን ከሐይቁ ሳትነቅል አፏን ትከፍታለች። እጁ ይመጣል፣ አፉ ይዘጋል፣ ዓይኑ ሐይቁ ላይ ነው። ይህን ስንት መቶ ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም። ያኔ ልብ ብዬ ያየሁትም አይመስለኝም።

ያለፈው ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዘነበ።

ለሰማው ሰው ቀላል ይመስላል። ክረምቱ ወዲያና ወዲህ መንከራተት ከጀመረ ወዲህ በሩፋኤል ዝናብ አይተን አናውቅም ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት። እናቴ በልጅነቴ የሩፋኤልን ዝናብ በጣሳ ታጠራቅም ነበር፣ እኛን ራቁታችንን ደጅ አውጥታ ታስመታን ነበር። ያን ዕለትም ሰዉ እንደ ልማዱ ከማለዳው ዳርቻው ላይ ወጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ይመጣል ብሎ ያመነ ግን አልነበረም። አራት ሰዓት ላይ መጣ። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያላቋረጠ ዝናብ።

ሣጥኑ ጠርሙሷን ተፋ። አንስቼ የእትዬ መክሊት ሸራ ሥር ተጠለልኩ። ሰዉ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ኩባያ፣ ባርኔጣ፣ የሕፃን ገንዳ። ሸራው መሐሉ ረግቦ ውሃ ቋጥሮ ነበርና እትዬ መክሊት በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት በማዕዘኑ በኩል ይንፎለፎላል። ሰው ተሰልፎ ይቀዳል። ሁላቸውም ቀድተው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ።

«ያዢ እንጂ ሃሴት፤ ምን ትቆሚያለሽ? ላንቺም ይድረስሽ።»

እጄ ላይ የነበረው ዕቃ ጠርሙሷ ብቻ ነበረች። ክዳኗን ከፈትኩና ዘረጋሁ። እሳቸው እንጨቱን ገፉት፣ ጠርሙሷ ሞላች። እንዲህ ነው የሆነው። ያንን ጊዜ ብዙ ጊዜ ቆራርጬ አይቼዋለሁ፤ ክፋት አላገኘሁበትም። የእናቴ ልጅ ነበርኩ፣ የሩፋኤል ዝናብ ነበር፣ ዕቃ ዘረጋሁ። ክፋቱ ያለው ቀጥሎ ባለው ነው።

ዝናቡ አባራ። ሣጥኑ መቁጠር ጀመረ፤ ጠርሙሷን ለማስረከብ የሚሰጠኝ አርባ ደቂቃ ነው። ጠርሙሷን ደፍቼ እንደገና ልቅዳባት አልችልም፤ ስትሞላ ዘግቻታለሁ፣ አንዴ የተዘጋች ክዳን ደግሞ ዳግም አትከፈትም። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጠርሙሷ ተበላሽታለች» ማለት። ያኔ በራሱ ቀይ ይሆናል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል፣ እኔም ተግሣጽ ይጻፍብኛል። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ሐይቁን አየሁት። ከላይ ሰፈር የሚመጣው ቦይ ሞልቶ ቡናማ ውሃ ይተፋል። የቡናማው ምላስ ዳርቻውን ይዞ ሕፃናት የሚንቦጫረቁበት ድረስ ደርሷል። ሽታውም ነበር። አላየሁም፣ አልሸተተኝም ብል ደስ ባለኝ። ኳሶቹም ብልጭ ብልጭ ማለት ጀምረዋል።

ዳርቻው ላይ መቶ የሚያህል ሰው ልብሱን አውልቆ ይጠብቀኛል። አንድ ሰውዬ «ሃሴት፣ ዛሬ እንኳ» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ለምኖ ነው። እትዬ መክሊት ዘነቡን በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋታል።

«ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን፣» አሉ፣ «ይቺ ልጅ የሩፋኤል ውሃ ነክቷት አያውቅም።»

ለራሴ ያልኩትን አስታውሳለሁ። ሐይቁ ውስጥ የገባው ይኸው ዝናብ አይደለም ወይ አልኩ። ዛሬ የተቀደሰ ቀን ነው አልኩ። ቀኑን በደሌ ላይ መሸፈኛ አደረግኩት። እስከ ወገቤ ገባሁ፤ ሰው ያየኝ ዘንድ ገባሁ። የተሞላች ጠርሙስ ይዤ ጎንበስ አልኩ፣ ክንዴን አጠለቅኩ፣ ወጣሁ። ሣጥኑ ፊት ቆሜ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ማልኩ።

«ከወገብ ገብቼ፣ ከክንድ ወርጄ፣ በእጄ ቀድቻለሁ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ መቶ አምባር አንድ ላይ አረንጓዴ በራ። እልልታው ቀለጠ። አንዲት የማላውቃት ሴት ግንባሬን ሳመችኝ። እትዬ መክሊት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ልጅቷን ራሳቸው አስገቧት፤ ሦስት ጊዜ ዝቅ አደረጓት፤ ልጅቷ በሳቅ መሐል ውሃ ስትውጥ አየኋት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ ግማሽ ነው። ያን ቀን ከሁሉም ሰው በላይ ደስ ያለው እኔን ነበር።

የአዲስ ዓመት ዕለት አርባ አንድ ሰው ታመመ።

ምርመራው አራት ደቂቃ ፈጀ። ሐይቁ ነው እንዳይባል የእጅ ጠርሙሷ አለች፤ ከሚፈቀደው መቶ ሃያ ስድስት ባክቴሪያ ውስጥ የቆጠረችው ሦስት ነው። ስለዚህ ሐይቁ ከተጠርጣሪነት ወጣ። ቀጥሎ አርባ አንዱ ሰዎች ምን በሉ ተባለ። ሠላሳ ስምንቱ ንፍሮ በልተዋል። ዳርቻው ላይ ውሎ ንፍሮ ያልበላ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ መዝገቡ ግን ያንን አያውቅም፣ አልተጠየቀምም። በአምስተኛው ደቂቃ የእትዬ መክሊት እጅ ተዘጋ።

የተዘጋ እጅ ለሌላ ሰው ምግብ አይነካም። ማዕድ ላይ አይቀርብም፤ ለብቻው ሳህን ይበላል። እጁ ወደ ሌላ ሰው ምግብ ሲጠጋ አምባሩ ቡናማ ይበራል፣ ቀጭን ድምፅም ያሰማል። የሚያስር የለም፣ የሚሰድብም የለም። ሁሉም ሰው ያንን ድምፅ ሲሰማ በጨዋነት ፊቱን ያዞራል።

አርባው ሰው በሳምንት ውስጥ ተነሣ። ዘነቡ ግን ኩላሊቷ ደከመ፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። በሁለተኛው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ነበር የሄድኩት። ብርቱካን! እትዬ መክሊት አልጋው አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተዋል። ነርሷ ሾርባውን በማንኪያ ታበላታለች። ልጅቷ ማንኪያውን ትታ አያቷን ታያለች።

«አያቴ፣» አለች፣ «ያመመኝ በእጅሽ ነው?»

ነርሷ ማንኪያውን አየር ላይ አቆመች።

«እንደዚያ ይላሉ፣ ልጄ፣» አሉ እትዬ መክሊት።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «እግዜር ይማርሽ» ብዬ ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያም በኋላ በየሦስት ቀኑ ሄድኩ። ልጅቷ ቤቷ ከገባች በኋላም ሄድኩ። ፎጣ ወሰድኩ፣ ማር ወሰድኩ፣ አንድ ቀን የተሰበረ የበራቸውን ማጠፊያ ጠገንኩላቸው። እሳቸው ሁልጊዜ «ተባረኪ» ይላሉ፤ ምረቃቸው ጀርባዬ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ይለጠፋል። ሸራው ከዳርቻው ተነሥቷል። አራቱ እንጨቶች ብቻ ቆመዋል፤ በየዝናቡ ጠርሙሴን ይዤ በመሐላቸው አልፋለሁ። ሥራዬን ከበፊቱ ይልቅ በጥንቃቄ እሠራ ነበር። ከወገብ ሳይሆን ከደረት እገባለሁ፤ ማንም ያላዘዘኝን። ለማን እንደምከፍል እንጃ።

ሰባት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ጥቅምት ሃያ ገደማ አንድ ረፋድ ቤታቸው ስገባ ልጅቷ ገበታ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣ ትበላለች። እሳቸው ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይበላሉ። የዞሩት ልጅቷ ከተቀመጠችበት ርቀው የአምባሩ ድምፅ እንዳይሰማ ነው። ቆምኩ። ተቀመጪ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ያን ቀን ያስረከብኩት ውሃ የሐይቁ አልነበረም።»

ሳህናቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው አፋቸውን ጠረጉ።

«ሸራውን በእንጨት የገፋሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

በሩ አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

«ያውቁ ነበር?»

«ስትገቢ አየሁሽ። ጠርሙሷ ሙሉ ነበረች፣ ክዳኗን አልከፈትሽም። እኔም ዝም አልኩ፤ ልጅቷን ላስነካት ብዬ። የኔም ድርሻ አለበት ልጄ፣ ሁሉን ለብቻሽ አትውሰጂው።»

«ታዲያ እጅዎ ሲዘጋ ለምን አልተናገሩም? ሰባት ሳምንት!»

ልጅቷ መብላቷን ትታ ታየናለች። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ብናገር ያመጡሽ ነበር። እኔ ግን አንቺው እንድትመጪ ነበር የፈለግኩት። በየሦስት ቀኑ በሩ ሲንኳኳ ዛሬ ነው እላለሁ። ማር ይዘሽ ትገቢያለሽ።»

ቢሮው ከሐይቁ አንድ ፌርማታ ነው፤ በእግሬ ሄድኩ። ያገኘኝ ደምሰው የሚባል ወጣት ነው፤ የዘንድሮ ወጣቶች ስም ደግሞ እንደ ቅድመ አያቶቻችን ነው። ወንበር አቀረበልኝ። የተናገርኩትን ሁሉ ሳያቋርጥ ሰማ፣ ጣቱን ሁለት ሦስት ጊዜ መዝገቡ የሚታይበት መስታወት ላይ አሳረፈ።

«ሦስት መሆኑን አይተነው ነበር፣ እትዬ ሃሴት፣» አለኝ። «ይህ ሐይቅ በበጋ እንኳ ከአርባ ወርዶ አያውቅም።»

«አያችሁት?»

«አየነው።» ትንሽ አፈረ። «ሩፋኤል ስለሆነ ነው ብለን ነበር። ደስ ብሎን ነበር። እዚህ ቢሮ ውስጥም እልል የተባለ መሰለኝ።»

ልቆጣው ፈለግኩ፤ በየትኛው አፌ።

ሥርዓቱን አስረዳኝ። ጠርሙሷ ከተሻረች ሐይቁ ጥፋተኛ ይሆናል፣ የእትዬ መክሊት እጅ በዚያው ደቂቃ ይከፈታል። በሐሰት የማለ እጅ ደግሞ ይዘጋል። የኔ ሥራ ያበቃል፣ እጄም ዕድሜ ልኩን አይከፈትም። ይግባኝ የለውም። «ቢያስቡበትስ?» አለኝ፤ በደግነት ነው የጠየቀኝ። አስቤበት ነው የመጣሁት አልኩት። እውነቱን ለመናገር አላሰብኩበትም ነበር። እንዳስብ ጊዜ ቢሰጠኝ ተመልሼ ማር የምገዛ ይመስለኝ ነበርና አውራ ጣቴን ቶሎ አሳረፍኩ።

በማግስቱ እትዬ መክሊት ለምሳ ጠሩኝ። አልሄድም ብዬ ነበር። ሰው ላኩብኝ።

ገበታው ሰፊ ነበር። ለኔ ከጥግ ዱካ ተቀምጦልኛል፣ ሳህኔም ለብቻው። አፍረው ነው ያስቀመጡት፤ እኔ ግን ቦታዬን አየሁና ተቀመጥኩ። እሳቸው እጃቸውን ሲታጠቡ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጅጌያቸውን እንደ ድሮው ትንሽ ከፍ አድርገው ገበታው ፊት ቀረቡ። አምባሩ አረንጓዴ ነው። እንጀራውን ከሽሮው ጋር ቆርሰው ጠቀለሉ፣ በጣታቸው ጫፍ አሳመሩትና ወደ ልጅቷ ዘረጉ።

ዘነቡ ሐይቁን አላየችም። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ሐይቁም ይታያል፤ እሷ ያየችው አምባሩን ነው። አረንጓዴ መሆኑን አየች። ከዚያ እጁን አየች፣ አንድ በአንድ፣ ጣቶቹን። ከንፈሯን ገጠመች።

«ራሴ እበላለሁ፣ አያቴ።»

በትሕትና ነው ያለችው። ሰባት ሳምንት ሰው ሁሉ ፊቱን በጨዋነት ሲያዞር ያየች ልጅ ናት፤ እንዴት እንደሚደረግ ተምራለች። ከራሷ በኩል ቆርሳ መብላት ጀመረች።

የእትዬ መክሊት እጅ አየር ላይ ቀረ። የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ ገበታ አይመለስም፤ ይህንን በኛ አገር የማያውቅ የለም። ፊታቸው ላይ የሆነውን ላለማየት ሳህኔን ሳይ ቆየሁ። ይከፈታል ተባለ፣ ተከፈተ። እኔም ቃሌን ሰጥቼ የሚስተካከለው ተስተካክሏል ብዬ ነበር የመጣሁት።

ልብሳቸው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ተነሥተው ገበታውን ዞረው መጡ፣ ፊቴ ቆሙ።

«እንኪ፣» አሉ። «በሞቴ።»

አፌን ከፈትኩ። ጉርሻዋ ትንሽ ነበረች፤ ለስድስት ዓመት ልጅ አፍ የተለካች። ዋጥኳት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችን፤ ከዚያ ወደ ምግቧ ተመለሰች።